ገና በወጣትነት የመጣ ደም ብዛት፡ ምክንያቱ ከኩላሊት የደም ቧንቧ ይሆን?

በዛሬው የጤናና አመጋገብ አምዳችን ስለ አንድ ብዙም የማይነገርለት የደም ብዛት መነሻ እናወጋለን። ደም ብዛት የሚለው ስም ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የእናታችን፣ የአባታችን፣ የጎረቤታችን በሽታ ነው። ስለ ጨው፣ ስለ ስብና ስለ ውፍረትም ደጋግመን ሰምተናል። ጥቂት ሰዎች ዘንድ ግን ደም ብዛቱ የሚነሳው ከአንዲት ጠባብ ቧንቧ ነው። ይህ በጊዜ ከታወቀ ሊታከም፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊድን ይችላል፤ ካልታወቀ ደግሞ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር

ላፍቶ የምትኖር አንዲት የ28 ዓመት እህት እናስብ። ታሪኩ እኛ ለማስረዳት ያቀናበርነው ምሳሌ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች የሚያልፉበት መንገድ ነው። እህታችን ቀጭን ናት፤ ጫት አትቅምም፣ አታጨስም፣ ከቤተሰቧም ደም ብዛት ያለበት የለም። ራስ ምታት ሲበረታባት ጤና ጣቢያ ሄደች። ግፊቷ 170/110 ሆኖ ተገኘ። ቤት ስትመለስ አንዱ «ሐሳብ አብዝተሽ ነው» አላት፤ ሌላዋ «ዓይን ነው» አለቻት። አንድ ዓይነት ኪኒን ታዘዘላት፤ ግፊቱ አልወረደም። ሁለተኛ ተጨመረ፤ ጥቂት ወረድ ብሎ መልሶ ወጣ። ሦስተኛው ሲጨመር ተሰላቸችና «ይኼ መድኃኒት ለእኔ አልሆነኝም» ብላ ሁሉንም አቆመች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ምክንያት አልትራሳውንድ ስትነሳ የቀኝ ኩላሊቷ ከግራው አንሶ ታየ። ሐኪሙም «እስከ ዛሬ ደም ብዛትሽ ከምን እንደመጣ የመረመረ ሰው አለ?» ሲል ጠየቃት። አልነበረም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ጥያቄ ነው። ደም ብዛት ገና በወጣትነት ሲመጣ ወይም በመድኃኒት አልወርድ ሲል «ከምን መጣ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደም ብዛት ምን ያህል ተስፋፍቷል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መረጃ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ደም ብዛት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉም መታመማቸውን አያውቁም። ወደ ከተማችን ስንመጣ፣ በአዲስ አበባ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ነዋሪዎችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከወንዶቹ 31.5 በመቶው፣ ከሴቶቹ 28.9 በመቶው ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሦስት ጎልማሶች አንዱ ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ አብዛኞቹ አንድ ተለይቶ የሚታወቅ መነሻ የላቸውም። ዘር፣ ዕድሜ፣ ጨው፣ ውፍረትና የኑሮ ሁኔታ ተደማምረው ያመጡት ነው። ጥቂቶቹ ግን መነሻው የሚታወቅ ደም ብዛት አለባቸው። ከእነዚህ መነሻዎች አንዱ ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው ቧንቧ መጥበብ ነው። በአጠቃላይ ሲታይ ከ100 የደም ብዛት ታማሚዎች መካከል ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። ግፊታቸው በጣም ከፍተኛ በሆነና በመድኃኒት በማይወርድላቸው ሰዎች ላይ ግን ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል።

ቧንቧው ሲጠብ ግፊቱ ለምን ይጨምራል?

ኩላሊት ሽንት ማጣራት ብቻ አይደለም ሥራው። የሰውነትን የደም ግፊት ይከታተላል፤ ይቆጣጠራልም። በጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ምሳሌ በቀላሉ ትረዱታላችሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት የራሱ ቧንቧ በዝገት ጠቦ ውሃ አነሰው እንበል። ነዋሪው ጥፋቱ የቧንቧው መሆኑን ስለማያውቅ «ውሃ የለም! ግፊት ጨምሩ!» እያለ ይጮኻል። ፓምፑን የያዘውም ሰው ጩኸቱን ሰምቶ የሕንፃውን ግፊት ይጨምራል። የዚያ ቤት ውሃ አሁንም አይበቃውም፤ የሌሎቹ ቤቶች ቧንቧ ግን በግፊቱ ብዛት መፈንዳት ይጀምራል።

ኩላሊትም እንዲሁ ነው። የደም ቧንቧው ሲጠብ የሚደርሰው ደም ያንሰዋል፤ «በሰውነት ውስጥ ደም ጎደለ» ብሎም ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ይረጫል። ሬኒን በተራው አንጂዮቴንሲን የተባለው ኃይለኛ ንጥረ ነገር እንዲፈጠር ያደርጋል። ይህም የመላ ሰውነትን የደም ቧንቧዎች ያጠባል፤ ጨውና ውሃም በሰውነት ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል። ውጤቱ ደም ብዛት ነው። ጉዳቱን የሚሸከሙት ልብ፣ አንጎል፣ ዓይንና ሌላው ጤነኛ ኩላሊት ናቸው።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየው አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ጎልድብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 የውሾችን የኩላሊት ደም ቧንቧ በመቆንጠጫ ሲያጠብ የደም ግፊታቸው እንደሚጨምር አረጋገጠ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ከባድ ደም ብዛት ስለነበረበት የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ ጻፉ። የደም ቧንቧው የጠበበበት ኩላሊት በቀዶ ሕክምና ሲወጣለት ግፊቱ ወደ ጤናማ መጠን ወረደ። ያ ልጅ የነበረበት በሽታ ዛሬ ፋይብሮመስኩላር ዲስፕላዝያ በመባል ይታወቃል።

ቧንቧውን የሚያጠቡት በሽታዎች

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ስብ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ሲጋገር የሚመጣው ነው። በብዛት የሚታየውም ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው በገፋ፣ ሲጋራ በሚያጨሱ፣ ስኳር በሽታና የደም ቅባት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይከሰታል።

ሁለተኛው ከላይ የጠቀስነው ፋይብሮመስኩላር ዲስፕላዝያ ነው። ስሙ ይርዘም እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የደም ቧንቧው ግድግዳ ጡንቻና ጅማት መሰል ክፍል ከሥርዓቱ ውጪ ያድጋል። ስብ የለበትም፣ ቁስለትም አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቧንቧው አንድ ቦታ ይጠባል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ እንደገና ይጠባል። በራጅ ሲታይ በክር ላይ የተደረደሩ ዶቃዎችን ይመስላል። ሙስበሃ በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱት፤ ልክ እንደዚያ ነው። ከታማሚዎቹ እጅግ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። በአሜሪካ 447 ታማሚዎችን የመዘገበና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከመቶ 91ዱ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል። በሽታው የመጀመሪያ ምልክቱን ካሳየ በኋላ እስኪታወቅ ዓመታት ማለፋቸውንም ጥናቱ ይናገራል። ትክክለኛ መነሻው እስከ ዛሬ ተለይቶ አልታወቀም፤ ሲጋራ ግን እንደሚያባብሰው ይታመናል። በሽታው ወደ አንጎል የሚሄዱትን ቧንቧዎችም ሊነካ ይችላል። ያኔ ከባድ ራስ ምታትና ከልብ ምት ጋር አብሮ የሚሄድ የጆሮ ውስጥ ጩኸት ይኖራል።

ሦስተኛው ታካያሱ የተባለው የትልልቅ ደም ቧንቧዎች ብግነት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ በሽታው ከገለጸው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። ይህም በብዛት ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ይይዛል። የአንድ እጅ የደም ምት ሲደክም ወይም የሁለቱ እጆች ግፊት በጣም ሲለያይ ሐኪሞች ይህን በሽታ ይጠረጥራሉ።

መቼ እንጠርጥር?

ውድ አንባቢ ሆይ! ከሚከተሉት አንዱ በአንተ ወይም በቤተሰብህ ላይ ካለ ለሐኪም ንገር።

— ደም ብዛቱ ከ30 ዓመት በፊት ከጀመረ፣ በተለይ ውፍረትም ሆነ በቤተሰብ ደም ብዛት ከሌለ፤ በልጅ ላይ ከታየ ደግሞ ምንጊዜም መነሻው መፈለግ አለበት።

— ከ55 ዓመት በኋላ በድንገት ከጀመረ፣ ወይም ለዓመታት ተረጋግቶ የነበረው በድንገት ከባሰ።

— ሽንት የሚያሸናውን ጨምሮ ሦስት ዓይነት መድኃኒት በትክክል እየተወሰደ ካልወረደ።

— ሐኪም ሆድን በማዳመጫ ሲሰማ «ሹሽ ሹሽ» የሚል የደም ድምፅ ካገኘ።

— አንዱ ኩላሊት ከሌላው በ1.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ካነሰ።

— ኢናላፕሪልና መሰል መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ከተበላሸ።

— ሳንባ በድንገት ውሃ እየቋጠረ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነና ይህም ከተደጋገመ።

ይህን ስትሰሙ ግን አትደንግጡ። ምልክቱ ካለባቸው ሰዎችም ብዙዎቹ ላይ ሌላ ቀላል ምክንያት ይገኛል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ጫት፣ እንዲሁም መድኃኒትን እያቋረጡ መውሰድ ሁሉም ግፊትን ይጨምራሉ። ስለዚህ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ።

ጠቃሚውን መድኃኒት በጥንቃቄ

ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሎሳርታን በአገራችን በስፋት የሚታዘዙ ጥሩ የደም ብዛት መድኃኒቶች ናቸው። የአንጂዮቴንሲንን ሥራ ስለሚያግዱ አንድ ኩላሊት ብቻ ለጠበበበት ሰው ብዙ ጊዜ በጣም ይረዳሉ። የሁለቱም ኩላሊቶች ቧንቧ ከጠበበ ወይም ሰውዬው ያለው አንድ ኩላሊት ብቻ ሆኖ የእሱ ቧንቧ ከጠበበ ግን የኩላሊትን ሥራ በድንገት ሊያዳክሙ ይችላሉ። መፍትሔው መድኃኒቱን መፍራት አይደለም። ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የክሬቲኒንና የፖታሲየም የደም ምርመራ ማድረግ ነው። ክሬቲኒን ከ30 በመቶ በላይ ከጨመረ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደገና ማየት አለበት፤ የቧንቧ መጥበብንም ይጠረጥራል። የጎረቤትን ኪኒን ተበድሮ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እህቶች ሆይ! እነዚህ መድኃኒቶች ፅንስን ይጎዳሉ። ለማርገዝ ካሰባችሁ ወይም የወር አበባችሁ ከዘገየ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም ንገሩ፤ ለእርጉዝ የሚስማሙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ደም ብዛቱ የታየው እርግዝናው 20 ሳምንት ሳይሞላው ከሆነ ወይም ከወለዳችሁ ከ12 ሳምንት በኋላም ካልጠፋ «የእርግዝና ነው» ብላችሁ አትተዉት። መነሻው ይመርመር።

ምርመራው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው እርምጃ ግፊትን በትክክል መለካት ነው። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ፣ ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ጫትና ሲጋራ አለመውሰድ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን በሁለቱም ክንዶች ይለካ። በልብስ ላይ የተለካ ግፊት አስተማማኝ አይደለም። እህቶቻችን ወደ ምርመራ ስትሄዱ እጅጌው ሰፊ የሆነ ልብስ ልበሱ፤ ሴት ነርስ እንድትለካችሁም ጠይቁ። ሐያእ ከምርመራ አያስቀርም።

ቀጥሎ የሽንት፣ የክሬቲኒንና የፖታሲየም ምርመራ፣ ከዚያም የኩላሊት አልትራሳውንድ ይመጣል። ጥርጣሬ ካለ የደም ፍሰትን የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ይበልጥ ማረጋገጥ ካስፈለገ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይሠራል። ሲቲ ሲነሱ የሚወጋው ቀለም ለደከመ ኩላሊት ስለሚከብድ የኩላሊት ውጤታችሁን ቀድማችሁ አሳዩ። ከላፍቶም ሆነ ከመካኒሳ፣ ከለቡም ሆነ ከሣሪስ የምትነሱ አንባቢዎች ጉዞውን በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል እለፉ። የቀድሞ ውጤቶቻችሁን በአንድ ማኅደር አኑሩ። ተመሳሳይ ምርመራ በየቦታው ከመክፈልም ያድናችኋል።

ሕክምናውስ?

በፋይብሮመስኩላር ዲስፕላዝያ ምክንያት ለጠበበ ቧንቧ ዋናው ሕክምና ፊኛ ነው። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ባለ የደም ቧንቧ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጠባቡ ቦታ ሲደርስ ትንሽ ፊኛ ተነፍቶ ቧንቧውን ይከፍታል። ሆድ አይቀደድም። ዘዴው ለኩላሊት መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በዚህ በሽታ ላይ ብዙውን ጊዜ የብረት ወንፊት ማስቀመጥ አያስፈልግም። ከሕክምናው በኋላ በግምት ከሦስት ታማሚዎች የአንዱ ግፊት ያለ መድኃኒት ጤናማ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ሌሎችም መድኃኒታቸው ይቀንስላቸዋል። ሰውዬው ወጣት ሲሆንና ደም ብዛቱ ከጀመረ ብዙ ካልቆየ ውጤቱ ይበልጥ ያማረ ነው። መዘግየት የሚያሳጣን ይህን ዕድል ነው።

በስብ ለጠበበ ቧንቧ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 947 ታማሚዎችን የያዘ ትልቅ ጥናት ወንፊት የገባላቸው ሰዎች መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት የተሻለ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል። ስለዚህ ለአብዛኞቹ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ፣ የደም ቅባትን መቀነስና ሲጋራን ማቆም ይበቃል። ለታካያሱ ደግሞ ብግነቱን የሚያበርድ መድኃኒት ይቀድማል።

ሩቅያ፣ ጥቁር አዝሙድና ሐኪም

ወንድሞችና እህቶች! ፈውስ ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ሩቅያም ዱዓም የምናምንባቸው ናቸው። ነገር ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ያዘዙን መሆኑን አንርሳ። ሩቅያ ያደረገችን እህት «ኪኒኑን ተይው» ማለት ዲኑ አላስተማረንም። ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት በምግብነት ጥሩ ናቸው፤ የጠበበ ቧንቧን ግን አይከፍቱም። ዱዓ እያደረግን መድኃኒቱን እንውሰድ፤ ሁለቱ አይጋጩም።

የጁሙዓ ሶላት ሲያበቃ በመስጊድ በር ላይ የሐኪም ወረቀት ይዘው ለኩላሊት እጥበት የሚለምኑ ወገኖችን እናያለን። ሰደቃ እንሰጣለን፤ አልሐምዱሊላህ። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እጥበቱም ንቅለ ተከላውም ለቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ገና ኩላሊቱ ሳይደክም ግፊቱን ማስለካት ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ሰውነታችን አማና ነው።

በማዕድ ላይ

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የጨው መጠን ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ይህ በወጡ፣ በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በቋንጣውና በሾርባው ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ቡናን በጨው መጠጣት ልማዳችሁ ከሆነ ተዉት። ወጡ ከመውጣቱ በፊት ጨው በልክ ጨምሩ፤ ማዕድ ላይ ጨው አታቅርቡ። ጎመን፣ ምስርና ፍራፍሬ ጥሩ ናቸው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ሙዝ፣ ብርቱካንና ተምር የያዙት ፖታሲየም ሊበዛበት ስለሚችል መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጫት ግፊትን ይጨምራል፤ ደም ብዛት ላለበት ሰው «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም።

ረመዳን ሲመጣ

ረመዳን ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። በቀን አንዴ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ማዛወር ይቻላል፤ በራስ ውሳኔ መዝለል ግን አይቻልም። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ውሃ በማይጠጣበት ቀን ሊያደክሙ ስለሚችሉ ሰዓታቸው ይስተካከል። በኢፍጣር ጊዜ ጨው የበዛበትን ሾርባና በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ቀንሱ። ሐኪም «መጾም ይጎዳሃል» ካለ ቁርኣን ለታመመ ሰው የሰጠውን ፈቃድ አስቡ፤ ስለ ቀዷና ስለ ፊድያ ደግሞ ዓሊሞቻችንን ጠይቁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ያቺ የምሳሌያችን እህት መጨረሻዋ ምን ሆነ? በዶፕለርና በሲቲ ቧንቧዋ መጥበቡ ታወቀ፤ በፊኛ ተከፈተ፤ ዛሬ በአንዲት ኪኒን ግፊቷ 125/80 ነው እንበል። ሁለቱ ዓመታት ግን አይመለሱም፤ ያነሰው ኩላሊቷም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ያለን ሰው ሁሉ፣ ወጣት ልጆቻችሁንም ጭምር፣ ግፊታቸውን አስለኩ። ከ140/90 በላይ ደጋግሞ ከተገኘ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ወጣት ከሆነች ወይም መድኃኒቱ አልሠራ ካለ ሐኪሙን በትሕትና «ዶክተር፣ ይህ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ኩላሊቴስ ታይቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒታችሁን ግን መልሱ እስኪገኝ አታቋርጡ።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማርልን፤ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን። በሚቀጥለው ወር በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ።